የየካቲት ጨረቃ ሳምቡሳ

አያቴ ዘመሮ ላይ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሳምቡሳ ትሠራ እንደነበር በቤተሰባችን የሚክድ የለም። የሚያከራክረው በጾም ነው ወይስ በፍስክ፣ ምክንያቱስ ምንድን ነው የሚለው ነው። ታላቋ አክስቴ «ሁዳዴ ውስጥ ነው፤ የሚሞላውም ምስር ነበር» ካለች አለች ነው። አጎቴ ደግሞ «የበግ ሥጋ ነው የበላሁት፤ እናቴ በሁዳዴ ሥጋ ልታበላኝ ነው?» ይላል። እናቴ ጾም ይሁን ፍስክ ትዝ አይላትም። እሷ የምታስታውሰው ሳህን ይዛ ወደ ጎረቤት መላኳን ነው፤ ሁለት ሳምቡሳ፣ ከጎኑ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ከላዩ ነጭ ጨርቅ። ሦስቱም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር የየካቲት ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን መሆኑ ነው።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው አገሩ ነው። ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ከተማ ናት። ብርዱ ብርቱ ነው፣ ማሳው ገብስ ነው፣ ሀብቱ በግ ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ጠላው ሁሉ ከገብስ ነው። የስንዴ ሊጥ ወረቀት እስኪመስል አሳስቶ፣ ሞልቶና አጥፎ በዘይት መጥበስ የዚያ ዘመን የመንዝ ጓዳ ሥራ አልነበረም። የኑግ ዘይት ከገበያ በጠርሙስ ተገዝቶ፣ ለጾም ወጥ እንኳ በማንኪያ እየተለካ የሚጨመር ነበር። አያቴ ግን ሰንብታ ያጠራቀመችውን ዘይት በአንድ ምሽት ድስት ውስጥ ትገለብጠዋለች። ዝክር አይደለም፣ ተዝካር አይደለም፣ የታቦት ቀን አይደለም። ልጆቿ ሲጠይቋት «የንግሥቲቱ ቀን ነው» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ አትተነፍስም። ቤተሰቡ ለረጅም ጊዜ ንግሥት ዘውዲቱን ገምቷል፤ ዘውድ የጫኑት የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ስለሆነ። ግን የንግሥ ቀን ጨረቃ እየተከተለ አይዞርም።

መልሱን ያገኘች የመሰላት ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። «ንግሥቲቱ አስቴር ናት። እኛ በሥውር የኖርን ቤተ እስራኤል ነን» አለችኝ በስልክ፤ ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሰማችው ታሪክ ከባዶ የተነሳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ሸክላ ከሚሠሩ፣ ብረት ከሚቀጠቅጡና ከሚሸምኑ ባለ እጆች መካከል እስራኤላዊ ሥርዓታችንን በክርስትና ሽፋን ጠብቀን ኖረናል የሚሉ ወገኖች አሉ። ቤተ አብርሃም ተብለውም ይጠራሉ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ለከተማይቱ ሥራ ከመጡት ባለ እጆች ብዙዎቹ ቀጨኔ ሰፈሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያ ሸክላ ይሠራሉ፤ በቅርብ ዘመን ምኩራብ ከፍተው ሰንበትን በግልጽ ማክበር የጀመሩም አሉ። እነዚህ ሰዎች «ቡዳ» እየተባሉ፣ ርስት እየተከለከሉ ስንት ዘመን ኖረዋል። የእኛ ቤተሰብ ግን ርስት የነበረው ገበሬ ነው፤ በዘሩ ሸክላ የነካ፣ ወናፍ የነፋ የለም። የሰውን መከራ ሳንቀምስ ታሪኩን እንደ ጌጥ ማጥለቅ ነውር መሰለኝ። ለአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ቅር እንዳላት አውቃለሁ።

ሥርዓቱም አይገጥምም። አያቴ ቅዳሜ እሳት ታነድ፣ ቡናም ትቆላ ነበር። የጎንደርና የትግራይ ቤተ እስራኤልም ቢሆኑ አስቴርን የሚያውቋት በጾሟ ነበር፤ አስቴር የምትታሰብበት የፉሪም ድግስ ወደ እነሱ የገባው ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው። የእነሱ ታላቅ ቀን ሰግድ ነው፤ ተራራ ወጥተው ይጸልያሉ፣ ይጾማሉ፣ ማታ ዳቦ ተባርኮ ይቆረሳል። የእስራኤል ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ2008 ሰግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሳምቡሳ የለም። እንግዲህ ንግሥቲቱ አስቴር ከሆነች ዘመሮ የገባችው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው።

መንገዱን ያሳየን የአያቴ ሳጥን ነው። አክስቴ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትወጣዋን የአያቴን ጥበብ ስታነሳ ከሥሯ አራት ቦታ የታጠፈ፣ በታይፕ የተመታ ወረቀት ወጣ፤ የሥራ ምስክር ነው። አያቴ ከ1943 እስከ 1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቤኒን ሰፈር፣ በአንድ ነጋዴ ቤት በወጥ ቤት ሠራተኝነት በታማኝነት ማገልገሏን ይናገራል። የአሠሪዎቿ ዘሮች በሕይወት ስላሉ ስማቸውን እዚህ አላነሳም። «ፈረንጅ ቤት ሠርታለች» ሲባል እንሰማ ነበር፤ ፈረንጆቹ እነማን እንደሆኑ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ቤኒን ሰፈር ከፒያሳ አጠገብ ነው። ስሙን ያገኘው ከኤደን ከመጣ የአይሁድ ነጋዴ ቤተሰብ ነው። ኤደን እ.ኤ.አ. ከ1839 ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ የነበረች ወደብ ናት፤ የኤደን አይሁዶች ከዚያ እየተሻገሩ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና አስመራ ላይ ነገዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጤም ለሁለት እንድትከፈል ከወሰነ በኋላ ኤደን ላይ ሁከት ተነሳ፤ ከ70 በላይ አይሁዶች ተገደሉ፣ ሱቆቻቸው ተዘረፉ፣ ቤቶቻቸው ተቃጠሉ። አያቴ ቤኒን ሰፈር የገባችው ይህ ቁስል ገና ባልሻረበት ጊዜ ነው። ማኅበረሰቡ ሱካት ራሃሚም የተባለ ምኩራብ ነበረው። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤልን ልታጠና መጥታ ያገባችው ከዚሁ ማኅበረሰብ ነው። ከአብዮቱ በኋላ፣ በተለይ ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲወረስ፣ አብዛኞቹ ወደ እስራኤልና ወደ እንግሊዝ ወጡ።

ሰፈሩ ውስጥ ስጠይቅ በልጅነታቸው በአንድ የአይሁድ ቤት ተላላኪ የነበሩ እናት ዘንድ ወሰዱኝ። አያቴን አያውቋትም። «እማማ፣ እነዚያ ሰዎች ሳምቡሳ የሚሠሩበት ቀን ነበር?» አልኳቸው።

«ሳምቡሳማ ዘወትር ይሠሩ ነበር፤ የኤደን ሰው አይደሉ!» አሉ። ትንሽ ቆየት ብለው «አንድ ቀን ግን አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጥብስ ብቻ። ልጆቹ ጭንብል ያጠልቃሉ። ትልቁ ሰውዬ ጥቅልል ዘርግተው የንግሥቲቱን ታሪክ ያነባሉ፤ የዚያ የክፉው ስም ሲጠራ ልጆቹ ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡታል። ከዚያ እኛን ሳህን አስይዘው ከቤት ቤት ይሰዱናል። ሁለት ዓይነት ካልሆነ አይላክም፤ ወይ ሳምቡሳና ብስኩት፣ ወይ ሳምቡሳና ለውዝ።»

«ለእናንተስ?»

«ያን ቀን እኛም ተቀባይ ነን» አሉ። «ለእኛም በሳህን ተሸፍኖ ይሰጠናል፤ ሳንቲምም ይጨመርበታል። በር ላይ የቆመ ድሃም ባዶ እጁን አይሄድም።»

የፉሪም ሥርዓት እሳቸው ያሉት ነው። መጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 9 ላይ አይሁድ ከሐማ መዓት ሲድኑ ቀኑን የደስታ ቀን አድርገው እርስ በርሳቸው ስጦታ እንዲላላኩ፣ ለድሆችም እንዲሰጡ መርዶክዮስ ያዝዛል። በሊቃውንቶቻቸው ድንጋጌ ለአንድ ወዳጅ ሁለት ዓይነት ምግብ ይላካል፣ ቢያንስ ለሁለት ድሆችም ይሰጣል። ቀኑ የአዳር ወር 14ኛ ነው፤ ወራቸው በጨረቃ ስለሚቆጠር ሁልጊዜ ጨረቃ ሙሉ ናት። የምግቡም ነገር ትርጓሜ አለው። በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር የእግዚአብሔር ስም አንድም ቦታ አይነሳም፤ ማዳኑ ግን በታሪኩ ውስጥ ተሰውሯል፤ ስለዚህ ውስጡ የተሰወረ ምግብ ይሠራል። የባግዳድ አይሁዶች ለዚህ ቀን ሽምብራ የተሞላ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። ጥራጥሬ የሆነበት ምክንያት ደግሞ አስቴር በንጉሡ ቤት ሳለች የተከለከለ እንዳትበላ በጥራጥሬ ኖረች የሚል ትውፊት ስላለ ነው። ይህን ሳነብ አያቴ ታየችኝ፤ በሰው ቤት፣ በሁዳዴ፣ ሥጋና ቅቤ በሚሠራበት ወጥ ቤት ቆማ ምስሯን የምትበላ የመንዝ ልጅ። የንግሥቲቱን ታሪክ ስትሰማ ከማን ወገን እንደቆመች ለመገመት አያስቸግርም።

ሳምቡሳውን ከሙስሊም ጎረቤት ተምራው ይሆናል የሚል ሰው አላጣሁም፤ የረመዳን ሳምቡሳን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ግን ረመዳን የሚገባው አዲስ ጨረቃ ሲታይ ነው፤ በየዓመቱም ወደ ኋላ እየሸሸ አሥራ ሁለቱን ወራት ይዞራል። በየካቲት ላይ፣ ያውም በሙሉ ጨረቃ፣ አይቆምም።

የቀረው የምስርና የሥጋ ክርክር ነበር። ለእሱ ዘመሮ ላይ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ የኔታ ዘንድ ከአጎቴ ጋር ሄድን። አጎቴ ሥጋውን የበላበትን ዓመት በቁጥር አያስታውስም፤ «ፋሲካ ዋለና በማግስቱ ልደታ ሆነ» ብቻ ነው ያለው። የኔታ ፈገግ አሉ። «እንግዲያስ 1975 ነው። በዕድሜህ ሌላ እንዲህ ያለ ዓመት አላየህም።» በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩን፦ አበቅቴ 17፣ መጥቅዕ 13። በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 13 ቅዳሜ ዋለ፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8፤ መባጃ ሐመሩ 21። ነነዌ የካቲት 21 ሰኞ ገባች፣ ሁዳዴ መጋቢት 5፣ ፋሲካ ሚያዝያ 30፤ ፋሲካ ከዚህ በላይ አይዘገይም። ጨረቃዋ የሞላችው ደግሞ የካቲት 20፣ እሑድ፣ በነነዌ ዋዜማ ነው።

አጎቴ የበላው የበግ ሥጋ ተገኘ። ሁዳዴ የካቲት 1 ሊገባም መጋቢት 5 ሊገባም ስለሚችል የየካቲት ሙሉ ጨረቃ አንዳንዴ ጾም ላይ፣ አንዳንዴ ፍስክ ላይ ትውላለች። አክስቴም ልክ ናት፣ እሱም ልክ ነው። የአይሁድን አቆጣጠር ስመለከት ደግሞ በዚያ ዓመት ፉሪም የዋለው በዚያው እሑድ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፤ አይሁድ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ወር ስለሚጨምሩ ፉሪማቸው አንዳንዴ ወደ መጋቢት ይሻገራል። አያቴ ዘመሮ ላይ የእነሱ መቁጠሪያ አልነበራትም፤ የየካቲትን ጨረቃ ይዛ ቀረች።

የአክስቴ ልጅ የፈለገችው የደም ዝምድና ነበር፤ አብዛኞቻችን ስለ ዘራችን ስንጠይቅ የምንጠይቀው ስለ ደም ነው። አያቴ ግን ለሰባት ዓመት በሰው ምድጃ ፊት ቆማ የተማረችውን፣ የወደደችውን፣ ማንም ሳያዝዛት በገዛ ዘይቷ የቀጠለችውን ነው ያወረሰችን። በወጥ ቤት ሠራተኝነት ያለፉ ስንት እናቶች ከጣሊያን፣ ከአርመን፣ ከግሪክ፣ ከየመን ቤት ሙያ ይዘው ወደ የአገራቸው ተመልሰዋል። የእነሱ ስም በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ለእኔ ይህ ከሥውር ዘር ያነሰ ውርስ አይደለም፤ በላብ የተገኘ ነውና እንዲያውም የበለጠ እኮራበታለሁ።

አክስቴ አሠራሩን በእጇ አሳየችኝ። የስንዴ ዱቄት በጨውና ለብ ባለ ውኃ ጠንከር አድርጋ ታሻለች፤ ሸፍና ታሳርፈዋለች። ሁለት ድቡልቡል በመዳመጫ ትዘረጋና አንዱን ዘይት ቀብታ፣ ዱቄት ነስንሳ፣ ሌላውን ከላይ ትደርብበታለች። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ እስኪሳሱ ትዳምጣለች። የጋለ ምጣድ ላይ ሳይቀላ አንዴ ታገላብጠዋለች፤ እንደወጣ፣ ትኩስ እያለ፣ ጣቷ እየተቃጠለ ሁለቱን ቅጠል ታላቅቃቸዋለች። «ከቀዘቀዘ ይቀደዳል» አለች እፍ እፍ እያለች። በቢላ ረዘም አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ ጫፉን አጥፋ ኪስ ትሠራለች። ምስሩ ድፍን ነው፤ ፍሬው ሳይፈርስ ይቀቀላል፣ ውኃው ተጠንፍፎ ይደርቃል፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የተወቀጠ ድንብላል ይገባበታል። አፉን በዱቄት ሙቅ ትለጥፈዋለች። ምስሩ እርጥበት ካለው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል፤ ለዚህ ነው አያቴ ምስሩን ሰፌድ ላይ አስጥታ ታሳድረው የነበረው።

አጎቴ ስንጨርስ ስለ በጉ ጠየቀ። የኔታ አስልተውለታል፤ በ2019 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 15 ሰኞ ትገባለች፤ ጨረቃዋ የምትሞላው የካቲት 13፣ ቅዳሜ ማታ ነው። አክስቴ ያን ምሽት ከበጉም ከምስሩም እንደምትሠራ፣ ለእያንዳንዱ ጎረቤት ሁለቱም በአንድ ሳህን እንደሚላክ ከወዲሁ ተናግራለች፤ የአክስቴ ልጅም ለዚያ ሳምንት ትኬት እንደምትቆርጥ ጽፋልኛለች።