ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ ዝርዝር ግን የለም

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሱቅ ስናይ ደንገጥ እንላለን። በዚህ አገር የንጉሥነት መጨረሻው ምን እንደሆነ እናውቃለና! የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ሲወጡ እኛ ገና አልተወለድንም ነበር። ቢሆንም ሰፈራችን ወዳለችው ሱቅ በሄድን ቁጥር ያቺ ቮልስዋገን ሞተሯን አስነስታ ደጅ ላይ የምትጠብቀን ይመስለናል።

እኛ ማለት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተጋርተን የምንኖር ሦስት ወንደላጤዎች ነን። ሱቋ ያለችው ከብሎካችን ሥር፣ ከደረጃው አጠገብ ነው። ነጠላ ጫማ አድርገን፣ ፊታችንን ሳንታጠብ የምንወርድባት ሱቅ ነች። ዳቦ በሉ፣ እንቁላል በሉ፣ የልብስ ሳሙና በሉ፣ ሻማ በሉ፣ ሁሉም አላት። የሌላት ሰላምታ ብቻ ነው።

ጠዋት 12፡30 ላይ ወርደን የምናደርገው ንግግር ይህን ይመስላል።

«ደህና አደርክ?»

(ዝምታ። ሻጩ ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።)

«እንቁላል አለ?»

(በአገጩ ወደ መደርደሪያው ይጠቁማል። አለ ማለቱ ይሁን የለም ማለቱ አይታወቅም።)

«ስንት ነው?»

«ስንት ትፈልጋለህ?»

«ዋጋውን ነው የጠየቅኩህ።»

«ትገዛለህ አትገዛም?»

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ በማያውቀው ዋጋ ይገዛል፣ ወይ ጾሙን ይውላል። እኛ ብዙ ጊዜ እንገዛለን።

እንቁላሉ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የመልስ ጣጣ ይመጣል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት ሲወጣ ደስ ብሎን ነበር፤ ኪስ ውስጥ ቦታ አይፈጅም ብለን። ልጁ ግን 200 ብር ስንሰጠው የክስ ደብዳቤ ያቀበልነው ይመስል ፊቱ ይለዋወጣል። «ዝርዝር የለም!» ከዚያ በመልስ ፋንታ ማስቲካ። ከመካከላችን አንዱ የመልስ ማስቲካዎቹን ለወራት አጠራቅሞ አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ ደረደራቸውና «በዚህ ዳቦ ስጠኝ» አለው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ። «እብድ ነህ እንዴ? ማስቲካ ብር ነው?»

እንግዲህ የምንዛሪው ሕግ ይህ ነው። ማስቲካ ከእሱ ወደ እኛ ሲመጣ ብር ነው፤ ከእኛ ወደ እሱ ሲሄድ ማስቲካ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የማስቲካው ዘመን አለቀ ብለን ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አሁን ደግሞ «ኔትወርክ የለም» ይባላል። (ኔትወርክ ከሌለ ልጁ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይ ጠይቀን አናውቅም።)

ማታ ማታ ሻይ አፍልተን ስንቀመጥ የዚህን ነገር ምክንያት እንመራመራለን። ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በኮታ ይገዙ ነበር። ወረፋ ይዞ የቆመ ሰው ሻጩን ካስቀየመ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ይለማመጣል። እኛም ከዚያ ትንሽ ቀምሰናል። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ ዕቃው ከመደርደሪያ ላይ ተሰወረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኛዎቹ ላይ ተነሣ። በነዚያ ወራት ግን «የለም» የሚባለው ለማያውቁት ሰው ነበር። ለሚያውቁት ሰው ከባንኮኒው ሥር ብቅ ይል ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ሻጭ ጌታ ይሆናል። ችግሩ ዕቃው ተመልሶ ሲመጣም ጌትነቱ አለመሄዱ ነው።

ከሦስታችን አንዱ ሕግ የተማረ ነው። (ሥራ ሲያገኝ እንነግራችኋለን።) አንድ ማታ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን አምጥቶ አነበበልን። ጆሯችንን ማመን አቃተን። ሸማች በማንኛውም ነጋዴ ዘንድ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል! ከስድብና ከዛቻ ይጠበቃል ይላል! ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም ይላል! ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ ቦታ ይለጥፍ ይላል! ጓደኛችን በማግስቱ አዋጁን በስልኩ ይዞ ወረደና ለልጁ አነበበለት። ልጁም በትዕግሥት አዳመጠው። ሲጨርስ «እሱን እዚህ አንሸጥም» አለው።

ያን ዕለት አደምን። ከዚያች ሱቅ ክብሪት እንኳ ላንገዛ ተማማልንና ፊታችንን አስፋልቱ ዳር ወዳለው ሱፐርማርኬት አዞርን። እዚያ ዋጋው ተለጥፏል። ደረሰኝ ይቆረጣል። በር ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ይባላል፤ ያውም በአንቱታ! ለእንቁላሉ ትንሽ ጨምረን እንከፍላለን፣ ግን ክብራችንን ይመርቁልናል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ተንቀባረርን።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ መብራት ጠፋ። ውጭ ይዘንባል። የስልኮቻችን ባትሪ ሊያልቅ ነው። እስከ አስፋልቱ ድረስ ማን ይሂድ? ለአንዲት ሻማ ብለን መሐላችንን አፈረስንና ተያይዘን ወረድን።

ሱቋ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ልጁ ባንኮኒው ላይ ሻማ አብርቶ የዱቤ ደብተሩን ገልጧል። ፊት ለፊቱ የቆሙት ለብሎካችን ሰዎች ልብስ የሚያጥቡት ሴትዮ ናቸው። በዕድሜ እናታችን ይሆናሉ። እኛ «እትዬ» ነው የምንላቸው። ግማሽ ሊትር ዘይት ጠይቀው ኖሯል።

«ያለብሽ 640 ብር ነው!» ልጁ ይጮኻል። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ፣ ነገ! ሳትከፍይ ለምን ትመጫለሽ? አታፍሪም?»

«አንቺ» ነው የሚላቸው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ይሰማል። እትዬ ደግሞ እንደኛ አድመው ሱቅ መቀየር አይችሉም። ሱፐርማርኬቱ ፈገግ ይላል እንጂ ዱቤ አይሰጥም።

እኛ ከኋላ ቆመን ደማችን ፈላ። ሕግ የተማረው ጓደኛችን ጉሮሮውን ጠረገ። አዋጁ የተጻፈው ለዚህች ሰዓት ነው ብለን አሰብን። ይኼኔ እትዬ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ ያጠብኩላቸው ሰዎች አልከፈሉኝም። ዝርዝር የለንም ብለውኝ ነው። ሲሰጡኝ አመጣልሃለሁ።»

ሰዎቹ እኛ ነን።

ሁለት ጊዜ አጥበውልናል። ሁለቱንም ጊዜ ድፍን ብር አውጥተን አሳየናቸውና «እትዬ፣ ዝርዝር የለንም፣ በሚቀጥለው አንድ ላይ» አልናቸው። ማስቲካ እንኳ አልሰጠናቸውም። ሒሳቡ 500 ብር ነው። ከ640ው ላይ 500 ቀንሱ፤ እትዬ ያን ያህል ሰው ፊት «አታፍሪም?» የተባሉት በማን ዕዳ እንደሆነ ታገኙታላችሁ።

ዞር ብለው አላዩንም። ጓደኛችን ጉሮሮውን እንደጠረገ ቀረ። መብራት በመጥፋቱ ተመስገን ያልነው በሕይወታችን ያን ማታ ብቻ ነው።

ወደ ፊት ወጥተን ዕዳውን ከፈልን ብለን ብንጽፍ ደስ ይለን ነበር። አላደረግነውም። እትዬ ዘይቱን ሳይዙ እስኪሄዱ ጠበቅን፣ ሻማችንን ገዛን፣ መልሳችንን ቆጥረን ተቀበልንና ደረጃውን ወጣን። ገንዘቡን የወሰድንላቸው በማግስቱ ጠዋት ነው። ይቅርታ ስንጠይቃቸው «ምን ችግር አለው ልጆቼ» አሉን። ችግር እንዳለው ግን በጆሯችን ሰምተናል።

ከዚያ ወደ ሱቋ ጎራ አልንና ልጁን ስሙን ጠየቅነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ስማ»፣ «አንተ ልጅ»፣ «ቶሎ በል እንጂ» ስንለው ኖረን ስሙን ስንጠይቀው የመጀመሪያችን ነበር። ጠረጠረን። «ለምን? ለባለቤቱ ልትናገሩ ነው?» አለ። ቀስ እያለ ግን አወራን። ጠዋት 12 ሰዓት ይከፍታል፣ ማታ 4 ሰዓት ይዘጋል፣ የሚተኛውም እዚያው ዕቃው መሃል ነው። የሰጠው ዱቤ ካልተመለሰ ከደሞዙ ይቆረጣል። ዋጋውን ባለቤቱ ከጅምላ ዕቃ ባመጣ ቁጥር በስልክ ይቀይርበታል። ለካ ሁልጊዜ ስልኩ ላይ የሚያቀረቅረው፣ «ስንት ትፈልጋለህ?» የሚለንም፣ የዛሬውን ዋጋ እስኪያገኘው ነው! (ሁልጊዜ እንኳ አይደለም፣ ፊልምም ያያል።)

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ዞረ። እኛ እትዬን አስጠበቅን፣ እትዬ ልጁን አስጠበቁ፣ ልጁ ከደሞዙ ሊቆረጥበት ሆነ፣ ጩኸቱም ተመልሶ እትዬ ላይ አረፈ። እኛ ጋ ሳይደርስ ቀረ፤ በእጅ በእጅ ስለምንገዛ።

ይህን ስንል ልጁን ነጻ እያወጣነው አይደለም። የደከመው ሰው ሁሉ ይሳደብ ከተባለ በዚህ ከተማ ማን ሳይሳደብ ሊውል ነው? እናት የሚሆኑ ሴትን ሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው። ይህንኑ ነግረነዋል፤ ተቆጥቶ ሁለት ቀን አኩርፎናል። ባለቤቱም ቢሆን ዋጋውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ቢለጥፍ የጠዋቱ ጭቅጭቃችን በግማሽ ይቀንስ ነበር። አዋጁ ደግሞ በአክብሮት የሚስተናገደው ጥሬ ብር የያዘ ብቻ ነው አይልም። በዱቤ የሚገዛም ሸማች ነው። እንዲያውም የበለጠ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። እኛማ ሲከፋን አስፋልት ዳር ወጥተን «እንኳን ደህና መጡ» እንባላለን።

የሚያሳፍረን ግን ሌላ ነው። ለአምስት ብር መልስ አዋጅ እየጠቀስን፣ ለሰው ጉልበት «በሚቀጥለው» እያልን መኖራችን ነው። ስለ መጥፎ መስተንግዶ ስናማርር አንድ ቀን እንኳ የኛን የደንበኝነት ጠባይ አንሥተን አናውቅም። እናንተስ? ልብስ የምታጥብላችሁ፣ ጫማ የሚጠርግላችሁ፣ ዕቃ የተሸከመላችሁ ልጅ «ዝርዝር የላቸውም» ብለው የሚጠብቁት ሒሳብ የለባችሁም?

አድማውን አንሥተናል። ለእትዬ ያጠቡበትን ዕለቱን እንከፍላለን፤ ዝርዝር ከሌለን ዝርዝር ፍለጋ የምንዞረው እኛ ነን። ልጁንም በስሙ እንጠራዋለን። ተአምር አልተፈጠረም። ትናንት ጠዋት ወርደን «ደህና አደርክ?» ስንለው ግን ከስልኩ ሳይነሣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ከድንጋጤ የተነሣ ምን ልንገዛ እንደወረድን ጠፋን።

«እንቁላል ነው?» አለን።

«አዎ። ስንት ነው?»

«ስንት ትፈልጋለህ?»