የምመኘው የጊታር አንገት

ለፌንደር ስትራቶካስተር ጊታሬ አዲስ አንገት በትእዛዝ ባሠራ ከሁሉ በፊት የማስበው ስለ ርዝመቱ ነው። በአብዛኛዎቹ የፌንደር ጊታሮች ላይ የሚርገበገበው የክር ርዝመት 25.5 ኢንች ነው፤ በጊብሰን ወደ 24.75 ይጠጋል። ዋርሞዝ የተባለው የአሜሪካ አምራች ብሪጁ (በአካሉ ላይ ክሮቹን የሚደግፈው ክፍል) ከቦታው ሳይነሳ በፌንደር አካል ላይ የሚገጠም አጭሩን አንገት ይሠራል። እሱን ነው የምፈልገው! በዚያው ቅኝት ክሩ ላላ ስለሚል፣ ትዝታ ስጫወት ክሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ማንሸራተት ለጣት ይቀላል።

ፍሬቶቹ (በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ዘንጎች) የማይዝግ ብረት ይሁኑልኝ፤ የተለመዱት በክር ፍትጊያ ቶሎ ይቦረቦራሉ። እንጨቱ በሙቀት የተጠበሰ ሜፕል፣ ጀርባው ቫርኒሽ ያልነካው። ስለ ቀለምና ጌጥ ግድ የለኝም። ትረስ ሮዱ (በአንገቱ ውስጥ ያለው ማቃኛ ዘንግ) ግን በራስጌው በኩል የሚስተካከል መሆን አለበት፤ ለትንሽ ማጥበቅ ሲባል አንገት መፍታት ያሰለቻል።