ከማንኩሳ እስከ ዲማ

የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የደረሰኝ በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቤታችን ውስጥ ስኒ እንኳ አይንኳኳም ነበር። መጽሐፉን ገዝቼ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ቢሆንም፣ በዛብህም ጉዱ ካሳም ዛሬ ድረስ የሚናገሩኝ በወጋየሁ ድምፅ ነው። በልጅነት ሐሳቤ የበዛብህ አገር ማንኩሳና ለትምህርት የሄደበት ዲማ እንደ እኛ ሰፈርና እንደ ወንዝ ማዶው ሰፈር የተጠጋጉ ነበሩ። የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ የእኛ ቀበሌ ግቢ ነበር፤ ትልቁ ዋርካ ሳይቀር።

ጥር 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሥተን ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይዋ ከረር ማለት ጀምራለች። ከዚያ የዓባይ በረሃ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ጠዋት የደረብነውን ጃኬት አንድ በአንድ አወለቅን። ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩትን ድልድይ ተሻግረን ደግሞ ዳገቱን ተያያዝነው፤ አውቶቡሱ እያቃሰተ ደጀን ወጣ።

ገደሉን በመስኮት እያየሁ ሰብለ ወንጌልን አሰብኳት። በአጀብ ያደገች የፊታውራሪ ልጅ ናት፤ ከቤቷ ጠፍታ ወደ አዲስ አበባ የተነሣችው በእግሯ ነው። ሬዲዮ ስሰማ ያ ጉዞ የጥቂት ደቂቃ ትረካ ነበር። እኔም አልቅሼላታለሁ፤ ይህን ቁልቁለት ግን አላውቅላትም ነበር።

ከደጀን በቢቸና መንገድ ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞሩበታል። ዲማ ጊዮርጊስ ስደርስ አንድ አረጋዊ ካህን አገኘሁ። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የት እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ የሚመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው» አሉኝ። «ቤቱን እንኳ ከየት አመጣልሃለሁ? የተማሪዎቹን ጎጆ ግን ላሳይህ።»

ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ከተማሩባቸው የጎጃም ጉባኤዎች አንዱ ዲማ ነው። ጎጆዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባባቸዋል። በር ላይ ደበሎ የለበሰ ልጅ ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት።

«ከዳሞት፣ ጋሼ።»

«በምን መጣህ?»

«በእግሬ ነዋ። ስምንት ቀን ፈጀብን፤ እየለመንን ስለሆነ።»

ዝም አልኩ። ወደ ምዕራብ ጮቄ ተራራ ተጋድሟል። የበዛብህ አገር ማንኩሳ ከጮቄ ወዲያ፣ እዚያው ዳሞት ነው፤ በአሞራ በረራ እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የመጣው ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ነው። ያን ያህል ርቆ ከመጣ በኋላ በዲማ የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን መውደዱ፣ ስለቱን መርሳቱ፣ የሚመለስበት ቤት አለመኖሩ ሌላ ክብደት አገኘብኝ። በልጅነቴ የተቆጣሁት በፊታውራሪ ላይ ብቻ ነበር፤ አሁን ለበዛብህ ብቸኝነት አንጀቴ ተላወሰ።

ደራሲው ስለ ርቀቱ ብዙ አለማተታቸው የገባኝም እዚያው ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም አብዛኛው የአገሬ ሰው መንገድን በእግሩ ያውቀዋል፤ «ከማንኩሳ ዲማ» ሲባል ጉልበቱ ይነግረዋል። በአውቶቡስ ያደግነው እኛ ይህ ቀርቶብናል። ታሪኩን ወድደነዋል፤ ድካሙን ግን ሳንሰማው አልፈናል ብዬ አምናለሁ።

ማታ ቢቸና አልጋ ይዤ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። የቀበሌያችን ዋርካ ከዚያ ወዲህ አልመጣብኝም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጎሃ ጽዮንን እንዳለፋችሁ መኪናውን አቁሙና ቁልቁለቱን ጥቂት በእግራቸው አውርዷቸው። መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ስጧቸው።