ምሰሶ የሌለው መስመር

ቡና ጥላ ይወዳል። ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮ በኩል ወደ ጌራ የተጓዘ ሰው ይህን አይቷል፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሰሳው ከላይ ቅርንጫፉን አጋጥሞ ሰማዩን ይከድነዋል፤ ቡናው ከሥር በለዘበ ብርሃን ይበስላል። በ1997 ዓ.ም. በጌራ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚዛን ጸሐፊ ነበርሁ። በዚያ ጫካ ውስጥ ሰማይን በሙሉ ሳላይ ብዙ ቀን እከርም ነበር። ሰማይ ያስፈልገኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አባቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት በስልክ መስመር ሥራ ነው። ከጅማ በየአቅጣጫው የሚወጡትን የእንጨት ምሰሶዎች በቁጥር ያውቋቸው ነበር። ባለጥርሱን ብረት ከጫማቸው ጋር አስረው ሲወጡ፣ ልጅ ሆኜ ከሥር አንጋጥጬ አያቸው ነበር። ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግሥት ሽቦውን በእግራቸው እየተከተሉ፣ የተበጠሰበትን ቦታ ሲፈልጉ ይውላሉ። ጡረታ ሲወጡ ሙያውን እኔ እንድይዘው ተመኙ።

«እንደ ጦጣ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ አልኖርም» አልኋቸው።

አልተቆጡኝም። የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀምጠው ወጡ። በሳምንቱ እኔም ወደ ጌራ ሄድሁ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ቡና ሊጭን የመጣ የአይሱዙ ሾፌር «አባትህ ታመው ተኝተዋል» አለኝ። ጭነቱ ሞልቶ መኪናው እስኪነሣ ሁለት ቀን ይቀረዋል። የከተማዋ ስልክም ዛፍ ወድቆበት ሽቦው ከተበጠሰ አራተኛ ቀኑ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ የመንገድ ጥናት ቡድን ከጣቢያችን አጠገብ ሰፍሮ ነበር። መሐንዲሱ ወፍራም አንቴና ያለው ስልክ ነበረው፤ ቱራያ ይባላል። ሄጄ ለመንሁት።

ቱራያ በ1989 ዓ.ም. በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ስሙ በዓረብኛ የሰባቱ ከዋክብት መጠሪያ ነው፤ የቦረና አያንቱዎች ቡሳን ብለው ወራቸውን ከሚቈጥሩባቸው ከዋክብት መካከል ናቸው። ከእርሱ ቀድሞ የተነሣው የአሜሪካው ኢሪዲየም ዓለምን በሙሉ ላዳርስ ብሎ 66 ሳተላይቶች በዝቅታ አዞረ፤ አገልግሎት በጀመረ ዓመት ሳይሞላውም፣ በነሐሴ 1991 ዓ.ም.፣ ኪሳራ አስመዘገበ። ቱራያ አሳቡን ጠበብ አደረገ። ከዓለም አንድ ክፍል መርጦ፣ ለዚያ ክፍል ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ግዙፍ ሳተላይት አኖረ። ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከአንድ ቦታ የማይነቃነቅ ይመስላል። ከ12 ሜትር በላይ የሚሰፋ አንቴና ስላለው፣ የሰዉ ቀፎ በእጅ የሚያዝ ለመሆን በቃ። በሰኔ 1995 ዓ.ም. የመጠቀው ሁለተኛው ሳተላይት የቆመው ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶ ባለው ባሕር አናት ላይ ነው። ከጌራ ላየው ሰው፣ በዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ዘንበል ብሎ ከራሱ በላይ ማለት ነው።

መሐንዲሱ ግን «ይህ ስልክ ጣራም ዛፍም አይወድም» አለኝ። ከጥላው ወጥተን ቡናው ወደሚሰጣበት አልጋ ሄድን። በዚያ አካባቢ ገላጣ ቦታ እርሱ ብቻ ነበር። መሐንዲሱ አንቴናውን ስቦ ወደ ሰማይ አቀናና «ሦስት ደቂቃ፤ ሒሳቡ በዶላር ነው» አለ።

ሒርማታ ወደሚገኙት ጎረቤታችን ቤት ደወልሁ። ሴትዮዋ «ያዝ፣ ይምጡ!» ብለው ሄዱ። አንዱ ደቂቃ በዚህ አለቀ። ከዚያም ጫማ ሲጎተት ሰማሁ።

«አለህ?»

«አለሁ፣ አባባ!»

ቃሌ ሳይደርሳቸው ደግመው «አለህ?» አሉ፤ እኔም ደግሜ «አለሁ» አልሁ። የእርሳቸው «አለህ»ና የእኔ «አለሁ» መንገድ ላይ እየተላለፉ ተጨማሪ ጊዜ በላብን። በመጨረሻ ትንፋሼን ሰብስቤ «አባባ፣ ያን ዕለት ለተናገርሁት ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመብኝ። አላስቻለኝምና «አባባ! ይሰማዎታል?» ብዬ ጮኽሁ። የእርሳቸው መልስ የደረሰው ለካ በዚያችው ቅጽበት ነበር። በጩኸቴ ሥር ተቀበረ። የሰማሁት ጭራውን ብቻ ነው፦ «…ለመሆኑ በየትኛው መስመር ነው የደወልኸው? የጌራው ወድቋል አሉኝ እኮ።»

«በሰማይ ነው፣ አባባ።»

መሐንዲሱ ጣቱን አነሣ። ደቂቃው አልቆ ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን መንገዱን ነገረኝ። ድምፄ ከአልጋው አጠገብ ተነሥቶ ወደ ሳተላይቱ ይወጣል፤ ከዚያ ሻርጃ ወዳለው የኩባንያው ጣቢያ ይወርዳል፤ በዓለም አቀፍ መስመር አዲስ አበባ ይደርስና በመጨረሻ ጅማ ይገባል። መቶ ኪሎ ሜትር ለማይርቅ ሰው ከሰባ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ነው። «ሩብ ሰከንድ መሄጃ፣ ሩብ ሰከንድ መመለሻ ቍጠር» አለኝ። «ከዚያ የተረፈው ዝምታ ግን የስልኩ አይደለም፤ የአባትህ ነው።»

አባቴ ከዚያ ሕመም ተነሡ። ለጠያቂ ሁሉ «ልጄ ምሰሶ በሌለው መስመር ደወለልኝ» ይሉ ነበር። ለበዓል ወደ ቤት ስመለስ ስለ ስልኩ ብዙ ጠየቁኝ፤ ዝናብ ምን እንደሚያደርገው፣ ቢበላሽ ማን እንደሚወጣበት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ያን ዕለት የነገርሁህ ደርሶሃል?»

«አዎ፣ ደርሶኛል» አልሁ።

ለምን እንደ ዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። እንዲህ ያለውን ቃል ሁለት ጊዜ እንዲናገሩ ማድረግ ነውር መስሎ ታየኝ። ደግሞም ፈራሁ፤ ያልሰማሁት ቃል ይቅርታ ባይሆንስ? እርሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሻያቸውን አነሡ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሡትም። በ1999 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዛሬ በጌራ ቡና የሚያገላብጡት ልጃገረዶች አልጋው ሥር ተቀምጠው በእጅ ስልካቸው ይሣሣቃሉ። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አራተኛው ቱራያ ከፍሎሪዳ መምጠቁን ያነበብሁትም እዚያው ጥላ ሥር ሆኜ ነው። ሳላውቀው ተነሥቼ ወደ ገላጣው ወጣሁ፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንጋጠጥሁ። የሚታይ ነገር አልነበረም።

አንድ ልማድ ግን ቀርቶብኛል። ስልክ ሳነጋግር፣ ሰዉ ተናግሮ ሲያበቃ ወዲያው አልመልስም። ጅማ የምትማረው ልጄ ይህን ነገር አልለመደችውም።

«አባዬ፣ አለህ?» ትለኛለች።

ጥቂት እቆያለሁ። «አለሁ» እላታለሁ።