መዥገሩን የጠየቀ የለም

ከባኮ አልፈን ጎማችን ተነፈሰ። ሹፌሩ ክሪኩን ሲያወጣ ጓደኛዬ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ እኔ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ምነው፣ እባብ አየህ እንዴ?» አለኝ። «መዥገር» ስለው እስኪያስለው ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ መዥገር እኮ የከብት ነው!»

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ነው። እዚያ በጋው ሲገባ ልጅ ከግቢ በተመለሰ ቁጥር ብብቱ፣ የጉልበቱ እጥፋትና የጆሮው ሥር ይፈተሻል። የምትፈለገው ግልገል መዥገር ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም፤ የላይም በሽታን ለሰው በብዛት የምታቀብለው እሷ ናት። ወለጋ ውስጥ ያስገረመኝ የዚህ ተቃራኒ ነው። በየበረቱ መዥገር ሞልቶ፣ ትኩሳት የያዘውን ሰው ስለ መዥገር የሚጠይቅ አላገኘሁም። «የከብት ነው» የሚለውን መልስ ከገበሬውም፣ ከባለሱቁም፣ ከነርሱም አፍ ሰማሁት።

ጓደኛዬ የነቀምቴ ልጅ ነው። እናቱ ትኩሳት እየተመላለሰባቸው ነው ሲባል ሊጠይቃቸው ተነሣ፤ እኔም ተከተልኩት። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ያልፋል። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቀው ኬላው ነው። መውረድ፣ መታወቂያ ማሳየት፣ መፈተሽ፣ መሳፈር። ዓመታት በግጭት ውስጥ የከረመው ያገሬው ሰው ቃል አይተነፍስም፤ የሚያጉረመርመው እንደኔ ያለው እንግዳ ነው።

ነቀምቴ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። የቁምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ጎበኘሁ፤ አንጮቴም በላሁ፤ ሁለቱም የሚባልላቸውን ያህል ናቸው። የቀረውን ጊዜዬን የወሰደው ግን አንድ ጥቁር ፌስታል ነው።

ፌስታሉ የጓደኛዬ እናት የሕክምና ታሪክ ነው። ካርዶች፣ ያለቁ የሲፕሮና የዶክሲሳይክሊን ማሸጊያዎች፣ ተጣጥፈው ጠርዛቸው የተላጨ የላብራቶሪ ወረቀቶች። አንዱን ዘረጋሁት። «ዊዳል፣ ኦ 1፡160፤ ኤች 1፡80። ዌይል ፊሊክስ፣ ኦኤክስ 19 1፡160።» ከሥሩ በእስክሪብቶ «ታይፎይድ + ታይፈስ» ይላል። ሌላውን ዘረጋሁ፤ ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል፣ ድምዳሜው ያው ነው።

«ታይፎይዴ ክረምት ላይ ነው የሚነሣብኝ፣» አሉኝ። «መድኃኒቱን ስውጥ ደህና እሆናለሁ ልጄ። ወር ሁለት ወር ሳይቆይ ይመለሳል። አንገቴን ይይዘኛል፤ ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«እማማ፣ ላም አለዎት?»

«ሁለት አሉኝ።»

«መዥገሩን ማን ይነቅልላቸዋል?»

«እኔ ነኛ! ማን አለኝ? ካልነቀልኩት ጡቷን ይዘጋዋል።»

«ሐኪም ቤት ይህን የጠየቀዎት አለ?»

ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት። እየሳቀ ተረጎመልኝ፤ «ሐኪሙ የሚያክመው ሰው ነው ላም?» ነው ያሉት።

ሐኪም አይደለሁም፤ የእሳቸው ሕመም ከመዥገር ነው ማለቴም አይደለም። የወረቀቱን ነገር ግን ማለፍ አልቻልኩም። የታይፎይዱ የዊዳል ምርመራ ከ1896 ጀምሮ፣ የታይፈሱ ዌይል ፊሊክስ ደግሞ ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ)። ሁለቱም ጀርሙን አያዩም፤ ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚለኩት። አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ከለቀቀ በኋላም ደም ውስጥ ይቆያል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛውም ሰው ተመርምሮ «አለብህ» ሊባል ይችላል። ዌይል ፊሊክስ ይባስ ብሎ ምርመራውን የሚሠራው ከታይፈስ ጀርም ጋር በማይዛመድ ፕሮቲየስ በተባለ ባክቴሪያ ነው፤ የሁለቱ ገላ በአንድ ነገር ስለሚመሳሰል ብቻ። መዥገር የሚያስተላልፋቸው ሪኬትሲያ የተባሉ ጀርሞችም አንዳንዴ ይህንኑ ምርመራ ያነሣሡታል። እንግዲህ ከመዥገር የመጣ ትኩሳት የያዘው ሰው «ታይፈስ ነው» ተብሎ ዶክሲሳይክሊን ቢሰጠው፣ በተሳሳተ ስም ትክክለኛ መድኃኒት ውጦ ይድናል። ሐኪሙም ታይፈስ ማዳኑን ይመዘግባል።

ነገሩ ከኮኔቲከት ጋር የሚገናኘው በአንድ ሰው በኩል ነው። የላይም በሽታ ስሙን ያገኘው ላይም ከምትባል የኮኔቲከት ከተማ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፖሊ መሪ የተባለች የዚያው ሰፈር እናት፣ የእሷም የጎረቤቶቿም ልጆች ጉልበታቸው እያበጠ ሲቸገሩ ጤና ቢሮውን አላስቀምጥ አለች፤ አለን ስቲር የተባለ ሐኪም ጉዳዩን ያዘው። የበሽታውን ጀርም ያገኘው ግን በ1981 ዊሊ በርግዶርፈር ነው። ባዝል የተወለደ ስዊዘርላንዳዊ ሲሆን የሚሠራው ሞንታና፣ ሃሚልተን በሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ላብራቶሪ ነበር። የተላኩለትን የኒው ዮርክ መዥገሮች ሆድ ዕቃ እየከፈተ ሪኬትሲያ ሲፈልግ ጥምዝምዝ ያሉ ባክቴሪያዎች አየ። ምን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ አላሰበም፤ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በአፍሪካ መዥገርና በግርሻ ትኩሳት ላይ ስለነበረ ዘመዶቻቸውን ያውቃል። ባክቴሪያው ዛሬ በስሙ ቦረሊያ በርግዶርፈሪ ይባላል።

ይህ ሰው ከላይም በፊት የእኛን አገር መዥገሮች መርምሯል። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ በነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ራይስ ጉትፍሮይንድ፣ የታይፈስን ጀርም ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው አገኘሁ ብለው ጻፉ። ታይፈስ የሰውና የቅማል ጉዳይ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ወሬው ዓለምን አነጋገረ። በርግዶርፈርና ባልደረቦቹ ይህን ለማጣራት የኢትዮጵያን መዥገሮች መረመሩ፤ ውጤቱም በ1973 በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ወጣ። የታይፈስ ጀርም አላገኙም። ከከብት በተለቀመ መዥገር ውስጥ ግን ሌላ ሪኬትሲያ አገኙ። ያ ጀርም ስም ሳይወጣለት ብዙ ቆየ። በ1992 ዚምባብዌ ውስጥ ሰው ማሳመሙ ተረጋገጠ፤ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪካኤ ተባለ፤ በ2009 ሙሉ የዘር ቅንብሩ ሲነበብም የተነበበው ከኢትዮጵያ መዥገር የተገኘው ዝርያ ነው። የላይምን ጀርም ያገኘ ሰው ከዚያ በፊት የእኛን አግኝቶ ነበር። የመጀመሪያውን ኮኔቲከት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ወለጋ ውስጥ የሚያውቅ ፈልጌ አጣሁ።

ከነቀምቴ በዲጋ በኩል ወደ ጊምቢ ስትወርዱ ደዴሳ ሸለቆ ይቀበላችኋል። ሙቀቱ ይጨምራል፤ የሰዉ ወሬም ይለወጣል። እዚህ የከብት ጠላት ተብሎ የሚፈራው ቆላ ዝንብና ዝንቡ የሚያመጣው ገንዲ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስለ ገንዲ እንደ ፕሮፌሰር አስተማሩኝ፤ የትኛው ወር እንደሚብስ፣ ከብቱ እንዴት እንደሚከሳ፣ ፀጉሩ እንዴት እንደሚቆም። ስለ መዥገር ስጠይቃቸው ግን «እሱ ምን አለው፣ ይነቀላል» ብለው በሬያቸውን ጠሩልኝ።

በሬው የሆሮ ዝርያ ነው፤ ቀይ፣ ሸንቃጣ። ሽማግሌው ጭራውን አነሡና ከሥሩ አሳዩኝ። እንስቶቹ ደም ጠጥተው አመድ መስለው ተነፍተዋል። በመካከላቸው ወንዱ ተጣብቋል፤ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ዝንጉርጉር አለው፣ እግሮቹ ቀለበት ቀለበት ናቸው። ለመዥገር ያለኝ ጥላቻ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያምራል። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ያዝ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት ከቆዳው ቁራጭ ይዞ ወጣ፤ መንጋጭላው ረጅም ስለሆነ እንዲሁ አይለቅም። ለልጅ ልጃቸው ወረወሩለት። ልጁ ድንጋይ ላይ አድርጎ በድንጋይ ጨፈለቀው፤ ጣቱን በቁምጣው ጠረገ።

ሪኬትሲያ አፍሪካኤን የሚሸከመው ይህ መዥገር ነው። የሚያመጣው በሽታ በደቡብ አፍሪካ ሣር ውስጥ የዋሉ ቱሪስቶችና አዳኞች አውሮፓ ሲመለሱ የሚታከሙለት ነው። ከንክሻው ሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የአንገት ጡንቻ ሕመም፣ ንክሻው አጠገብ ንፍፊት። ዋናው ምልክት የተነከሰው ቦታ ላይ የሚወጣ መሃሉ ጥቁር የሆነ ቅርፊት ነው፤ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ቦታ ይወጣል። በዶክሲሳይክሊን በሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ሰው መግደሉም አይታወቅም። ከከብት ጋር ያደገ ሰው ምናልባት በልጅነቱ ይዞት ያልፋል። የሚጥለው እንደኔ ያለውን መጤ ነው። ያም ሆኖ ጥቁር ቅርፊት በጠቆረ ቆዳ ላይ፣ ያውም በእግር እጥፋት ውስጥ፣ ሆን ተብሎ ካልተፈለገ አይታይም።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያገኘኋት የላብራቶሪ ባለሙያ ይህን ስነግራት «ጋሼ፣ እኛ ወባውን መቼ ጨረስነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በ2024 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል፤ ምዕራብ ወለጋ ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በረንዳው ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ በሙሉ ትኩሳት አለበት። ቢሆንም ማይክሮስኮፗን ስታስጎበኘኝ አንድ የሚያሳስባትን ነገር ነገረችኝ። ስላይድ ላይ ወባ የሚፈልግ ዓይን ግርሻ ትኩሳትንም ያገኛል፤ በቀይ የደም ሴሎች መካከል እንደ ጥምዝ ክር ይታያል። የጣት ደም ጠብ የሚደረግበት ኪት ግን ከወባ ሌላ አያውቅም። «ኪቱ ‹የለም› ካለ ሰውየው ፓራሲታሞል ይዞ ይሄዳል፣» አለች።

ግርሻ ትኩሳት የላይም የሥጋ ዘመድ ነው፤ እሱም ቦረሊያ ነው። እኛ ጋ የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፤ ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ ጀርሙ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ያነድና ይለቃል፤ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይመለሳል። ሰው ተጨናንቆ በሚተኛበት፣ ልብስ በማይታጠብበት ቦታ ሁሉ ይነሣል። በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃ ከተበተነው ሠራዊት መካከል ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተሰድደው አውሮፓ የገቡ ወጣቶች ላይ ሲገኝ፣ መጽሐፍ ላይ ብቻ የሚያውቁት የጀርመንና የጣሊያን ሐኪሞች ደነገጡ።

ሕክምናው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የመጀመሪያው መድኃኒት በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ጀርሙ በጅምላ ሲሞት ሕመምተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ የደም ግፊቱ ያሽቆለቁላል፤ የሚሞትም አለ። ያርሽ ሄርክስሃይመር ይባላል። ይህን ለመከላከል ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ያደረጉት ሙከራ በ1996 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታትሟል።

ስለ ሄርክስሃይመር ሳስብ ትዝ የምትለኝ ኮኔቲከት ያለች የሥራ ባልደረባዬ ናት። «ሥር የሰደደ ላይም» አለብሽ ተብላ በክንዷ በተተከለ ቱቦ ለወራት አንቲባዮቲክ ወስዳለች። ድካሟና የመገጣጠሚያ ሕመሟ በባሰ ቁጥር «ሄርክስ ነው፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ይሏታል። እውነተኛው ሄርክስሃይመር መድኃኒት በተጀመረ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ በቀኑ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ወራት አይቆይም። ላይም በወቅቱ ከተያዘ ከ10 ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት በሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ይታከማል። ከዚያ በኋላም የሚደክማቸውና የሚያማቸው ሰዎች አሉ፤ ሕመማቸው የምር ነው። አንቲባዮቲክ ማራዘም ግን እንደማይጠቅማቸው በ2001 አሜሪካ፣ በ2016 ኔዘርላንድስ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል።

ያቺ ሴትና የጓደኛዬ እናት ቢገናኙ ፌስታል ለፌስታል ይግባባሉ ብዬ አስባለሁ። ሁለቱም የቆየ አንቲቦዲ የሚለካ ወረቀት ይዘዋል፤ ሁለቱም እየደጋገሙ አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ፤ ሁለቱንም ደፍሮ «ይህ ወረቀት ያሁኑን ሕመምሽን አይነግረንም፣ እንደገና እንጀምር» ያላቸው የለም። በእኔ ሚዛን የነቀምቴው ይብሳል። የኮኔቲከቷ ሴት መዥገርን አብዝተው ያሳበቡባት ናት፤ የኛዋ እናት ግን በየቀኑ መዥገር እየነቀሉ፣ ጥሬ ወተት እየጠጡ፣ አንድም ሰው ስለ ላሞቻቸው አልጠየቃቸውም። ጥሬ ወተት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ከከብት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም እንዲሁ የሚመላለስ ትኩሳት ነው። አሁን ግን ጓደኛዬ አዲስ አበባ አምጥቷቸው የደም ካልቸርና የብሩሴላ ምርመራ ታዝዞላቸዋል። ያዘዘው የውስጥ ደዌ ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄው «ቤትዎ ምን ከብት አለ?» የሚል ነበር።

ላይም ራሱ ኢትዮጵያ ውስጥ አይያዝም፤ ተሸካሚው የመዥገር ዓይነት እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ክረምቱን ከአሜሪካ ዘመድ ልትጠይቁ የምትመጡ ወገኖች ወለጋ ላይ ላይም ፍለጋ አትድከሙ። ከመጣችሁ በኋላ ወይም ተመልሳችሁ ከገባችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ወባን ተመርመሩ። ቀጥሎ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ብብታችሁንና የእግራችሁን እጥፋት እዩ። ጥቁር ቅርፊት ካገኛችሁ ፎቶ አንሡት፣ ለሐኪሙም አሳዩት፤ ከብት አጠገብ መዋላችሁን ንገሩት። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።