ቀብድ

ጓደኛዬ ለሰርጓ ኬክ እንድሠራላት ስትጠይቀኝ ቀድሞ የደረሰኝ ወሬው ሳይሆን ብሩ ነው። ስልኬ ጮኸ። ከባንክ አጭር መልእክት፤ 2,000 ብር ገብቷል። የትኛዋ ደንበኛ እንደሆነች ለማስታወስ ስታገል ቴሌግራም ላይ ሌላ መጣ፦ «ቀብድ ነው። ጥር 19 አገባለሁ። ባለ ሦስት ፎቅ፣ ነጭ፣ ቫኒላ። እዚህ ድረስ ይዘሽው ትመጫለሽ።»

እዚህ ማለት ባሕር ዳር ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። መሀላችን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ጊዜው 2011 ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ እንኳን ደስ ያለሽ ከማለቴ በፊት ተናደድኩ። ከማላውቀው ሰው ቀብድ መቀበል ሥራዬ ነው። ሱቅ የለኝም፤ እናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ ኦቨን፣ አንድ ማደባለቂያ እና አንድ የቴሌግራም ቻናል ነው ያለኝ። ሁለቴ ኬክ አሠርተው ስልካቸውን ካጠፉብኝ ሰዎች በኋላ ያለ ቀብድ እንቁላል አልሰብርም ብያለሁ። እሷ ግን ደንበኛ አይደለችም። አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዳን ያደግን ልጆች ነን። ለእኔ ቀብድ? ብሩን ልመልስላት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ያልላክሁት ለምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። «ለምን እንደማታምኚኝ» ብዬ ብጠይቃት መልሱን ትነግረኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።

መጋገር ያስተማረችኝ እናቷ ናት። እቴቴ ነበር የምንላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ድፎ ስትደፋ እኔ እግሯ ሥር ነኝ። ኮባውን ምጣዱ ላይ ዘርግታ፣ ቡሖውን ገልብጣ፣ ሌላ ቅጠል አልብሳ፣ ከላይም ከታችም እሳት ታደርግበታለች። ሰዓት አይታ አታውቅም። እንደበሰለ የምታውቀው በሽታው ነው፤ «አሁን ጠራኝ» ትልና ትነሳለች። ዛሬም ድረስ ኦቨኔ ላይ ያለውን ሰዓት ትቼ ሽታውን የምጠብቀው ከእሷ ወስጄ ነው። አባታቸው ሲሞቱ እቴቴ ወደ ዘመዶቿ ባሕር ዳር ተመለሰች፤ ልጇም ትምህርቷን ስትጨርስ ተከተለቻት።

እቴቴ በ2009 ጥር ውስጥ ሞተች። ጓደኛዬ በዚያው ሌሊት ደወለችልኝ፣ አብረን በስልክ አለቀስን፣ «ነይ» አለችኝ፣ «እመጣለሁ» አልኳት። ለዚያ ቅዳሜና እሁድ ሦስት የሰርግ ኬክ ተቀብዬ ነበር። ለአርባዋ እሄዳለሁ አልኩ። አርባዋ ሲደርስ ለሰማንያዋ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሥራ አልነበረም ያስቀረኝ፤ ሐፍረት ነው። እኛ አገር ሰርግ ብትቀሩ ይቀየሟችኋል፣ ስጦታ ይዛችሁ ትታረቃላችሁ። ለቅሶ መቅረት ሌላ ነገር ነው። ሲውል ሲያድር ደግሞ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። እሷ አንድም ቀን አላነሳችውም። ለበዓል እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን፣ ፎቶ እንላላካለን፣ ያቺን ነገር ግን እንደ ጉድጓድ ዞረን ነው የምናልፋት።

ስለዚህ ብሩን አልመለስኩም። ሥራ ጀመርኩ።

አሁን ስለ ኬኩ ትንሽ ታገሱኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚሠራውን ጋዝ የሚጫነው የለም፤ ሊጡ ገና ሳይበስል ቶሎ ያብጣል፣ ከዚያ መሀሉ እንደ ሳህን ይሰረጉዳል። ኢንተርኔት ላይ ያለው አብዛኛው አሠራር ባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ኪሎ ፉርኖ ዱቄት እንደጣልኩ እናቴ ትናገር። መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩን እና ስኳሩን መቀነስ፣ ወተቱን ትንሽ መጨመር፣ ኦቨኑን ከተባለው ትንሽ ማሞቅ ነው። ይሄ አሁን እጄ ያውቀዋል።

እጄ የማያውቀው መንገዱን ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ችግር የለም። መሀል ላይ ግን የአባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዱና፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ እንደገና ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ቅቤ ደግሞ 32 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል። ክሬሙን በማርጋሪን ብሠራው ሙቀቱን ይችል ነበር፤ ግን ምላስ ላይ እንደ ሻማ ይቀራል። ለሌላ ሰው አደርገዋለሁ፣ አድርጌም አውቃለሁ። ለእቴቴ ልጅ ግን አልቻልኩም። ሌላም ማምለጫ ነበር። በየሰርጉ የምታዩት ባለ አምስት ፎቅ ኬክ ብዙውን ጊዜ አንዱ ፎቅ ብቻ ነው ኬክ፣ ሌላው ስኳር የለበሰ ፎም ነው። ይህን በመናገሬ የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ። ፎም አይቀልጥም። እሱንም እምቢ አልኩ። ሦስቱም ፎቅ ኬክ፣ ክሬሙ የገበታ ቅቤ፣ ከላይ ፎንዳንት።

እንቁላል ብቻ 48 ገባበት። ሐሙስ ማታ ትልቁ ኬክ ኦቨን ውስጥ ሃያ ደቂቃ እንደቆየ መብራት ጠፋ፤ እሱን ለጎረቤት ልጆች ሰጥቼ ሌሊቱን እንደገና ሠራሁ። ዓርብ ክሬም ቀብቼ ፎንዳንት አለበስኩ። ሦስቱን በየሳጥናቸው አድርጌ ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ ያረጀ ዶልፊን ውስጥ ገባን፤ የኋላ ወንበሩ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ስፖንጅ ተነጥፏል። ሾፌሩ ጋሼ የምላቸው የአጎቴ ወዳጅ ናቸው። ዕቅዴ ፀሐይ ሳትበረታ በረሃውን መሻገር ነበር።

ጎሐ ጽዮን ጠዋት 1 ሰዓት ደረስን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ደስ አለኝ። የጨረስኩትን የውሃ ላስቲክ ከድኜ ወንበሩ ላይ ጣልኩት። ቁልቁለቱን ስንጨርስ፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ ጋ፣ ላስቲኩ ጠጥ ጠጥ እያለ ተጨማደደ። ማንም አልነካውም። ላይ ቤት የተዘጋውን ስስ አየር የታች ቤቱ ወፍራም አየር ጨመቀው ማለት ነው። ይሄን ለጋሼ ሳስረዳ መኪናው ቆመ።

ወደ ደጀን በሚወጣው ጥምዝ ላይ አንድ ተሳቢ ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶታል። ከፊታችን መኪና፣ ከኋላችን መኪና። ሦስት ሰዓት ተኩል ቆምን።

ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅኩ። ከዚያ የሳጥኖቹን ክዳን በየአምስት ደቂቃው እየከፈትኩ ማየት ጀመርኩ፤ ጋሼ «አትክፈቺው ልጄ፣ ባየሽው ቁጥር ይብስበታል» አሉኝ። ፎንዳንቱ ላይ ጤዛ የመሰለ ላብ ወጣ። ዝንጀሮዎች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳጥኖቹን ያያሉ፤ ከሰርገኞቹ በፊት የተጠሩ ይመስላሉ። ማልቀስ ስጀምር ጋሼ ምንም ሳይሉ ወረዱ፣ ከጀሪካን ውሃ ጋቢያቸው ላይ አፈሰሱ፣ ጨመቁትና ሳጥኖቹ ላይ ጣሉት። መስኮቱንም በሩንም ከፈቱት። «እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በምን ይመስልሻል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ የበረሃው አየር ደረቅ ስለሆነ ደግሞ ቶሎ ይተናል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ወድቄበታለሁ።

እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ በደጀን በኩል ያለውን ዳገት ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሴ «መንገዱ ሩቅ ነው» እል ነበር። አውቶቡስ በየቀኑ ይሄዳል። ትኬቱ የአንድ ትንሽ ቶርታ ዋጋ አይሞላም። ለኬክ ስል በረሃ ውስጥ የተቀመጥኩ ሴት ለእቴቴ ስል አልተቀመጥኩም።

ባሕር ዳር ስንገባ መሽቷል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጓሮ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ሴቶቹ እያወሩ ዶሮ ይገነጥላሉ። አንድ ክፍል ሰጡኝና ሳጥኖቹን ከፈትኩ። ትልቁ ደህና ነው። ትንሹ ደህና ነው። የመሀለኛው በአንድ ጎኑ ተንሸራቶ ፎንዳንቱ ተሰንጥቋል፣ ክሬሙ በስንጥቁ ወጥቷል። የጓደኛዬ አክስት በበሩ ገብተው አዩኝ፣ ኬኩንም አዩ። «አንቺ ነሽ የአዲስ አበባዋ? የግቢዋ ልጅ?» አሉኝ። ነኝ ስላቸው ፊቴ ተበላሸ። ክንዴን ያዝ አድርገው «ዛሬ አይደለም የኔ ልጅ። በሰርግ ዋዜማ አይለቀስም» አሉና ሻይ አስመጡልኝ።

ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ፎንዳንቱን ገፍፌ፣ የተበላሸውን ቆርጬ፣ የተረፈውን ክሬም ስቀባ ሙሽራዋ ገባች። ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሏል፣ እጇ ላይ ሂናው አልደረቀም። ከሁለት ዓመት በላይ አልተያየንም። በክርኗ አቀፈችኝ፤ እጇን እንዳታስነካኝ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ተበላሸ?»

«አንዱ። አስተካክለዋለሁ።»

ዝም አልን። ከዚያ ያልታሰበው ከአፌ ወጣ። «ቀብዱን ለምን ላክሽ?»

«ተናደድሽ?»

«በጣም።»

«ዝም ብዬ ነይ ብልሽ ትመጪ ነበር?»

«እንዴት አልመጣም!»

«ለእማዬም ነይ ብዬሽ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ያኔ ያስቀረሽ ትዕዛዝ ነው አይደል? ትዕዛዝ አስቀርተሽ አታውቂም። ስለዚህ ደንበኛ ልሁን አልኩ። ቀብድ ከተቀበልሽ ትመጫለሽ።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ሦስቱን ኬኮች ልነግራት አልኩና ተውኩት፤ ሦስት ኬክ ምን ያደርግላታል? «አፍሬ ነው» ብቻ አልኳት። «መጀመሪያ ሥራ ነበር፣ ከዚያ አፈርኩ።»

«አውቃለሁ። እኔም ለመጠየቅ አፍሬ ነው።»

ሂና ያልነካው የትንሽ ጣቷ ጫፍ ክሬሙ ላይ ገባ። ላሰችው። «ቅቤ ነው?»

«ቅቤ ነው።»

«ማርጋሪን ብታደርጊው ኖሮ እዚህ ቤት አይገባም ነበር» አለችና ሳቀች፣ ከዚያ ጣራውን አየች። እኔም ጣራውን አየሁ። አክስትየዋን ፈርተን ነው።

ስለ ሰርጉ ብዙ የምነግራችሁ የለም፤ ሰርግ ነበር። የመሀለኛው ፎቅ ያለ ፎንዳንት፣ በክሬም ብቻ ቆመ፤ አንዳንዱ ሰው ሆን ተብሎ የተሠራ መስሎት «አዲስ ዲዛይን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩ። ቪዲዮ አንሺው ቢላውን አራት ጊዜ አስያዛቸው። ከኬኩ አጠገብ አክስትየዋ የጋገሩት ድፎ ነበር፣ ከኬኩ በፊት ያለቀውም እሱ ነው። አልቀየምኩም። እኔም ሁለት ጊዜ ነው የቆረስኩት፤ የኮባው ሽታ ያው የእቴቴ ነው። ጭፈራው ላይ እግሬ እስኪያብጥ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ዕቃዬን ሰብስቤ ባዶ ሳጥኖቹን ሳጣጥፍ አክስትየዋ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጥቁር ለብሰዋል። «ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ በእግር እንሄዳለን። ሦስት ጎረቤቶችም ይመጣሉ፣ ስለ አንቺ ነግሬያቸዋለሁ» አሉኝ። ያለኝ ነጠላ ለሰርግ ያመጣሁት ነው፤ ጥለቱ ወርቃማ፣ ጫፉ ላይ ክሬም ደርቆበታል። ይህን ልንገራቸው ስል ቀደሙኝ።

«ግድ የለም፣ አዘቅዝቂው።»

አዘቀዘቅኩትና ተከተልኳቸው። ጋሼ ግቢው ውስጥ መኪናቸውን ያጥቡ ነበር፤ ጋቢያቸው ገመዱ ላይ ተሰጥቷል። ነጠላዬን ሲያዩ ጨርቁን ባልዲው ላይ አኖሩና፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው፣ ከኋላችን መጡ።