ሸዋ ሮቢት፦ የምትታለፍ ከተማ ወይስ የሚደረስባት?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በዚህ ክረምት የት እንሂድ?» መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ። ወደ ሰሜን የሚያስብ ቤተሰብ ደግሞ ዓይኑን ላሊበላ ላይ ይጥላል። በዚህ መንገድ መሐል ያለችው ሸዋ ሮቢት ምሳ ተበልቶ፣ ፓፓያ ተገዝቶ፣ ጎማ ታይቶ የምትታለፍ ከተማ ናት። ስሟ በዜና ሲነሳም በማረሚያ ቤቷ ነው። ከተማዋና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ግን ለብቻቸው የሦስት ቀን ጉዞ ይገባቸዋል።

ስለ ጉዞው ከማውራታችን በፊት ስለ ሰላም እንነጋገር። ይፋት ያለፉትን ዓመታት በቀላሉ አላሳለፈም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን አንዴ እየዘጋ አንዴ እየከፈተ ቆይቷል። ስለዚህ የዚህ ጉዞ የመጀመሪያ ዕቃ ሻንጣ ሳይሆን ስልክ ነው። አካባቢው ላይ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት ይደውሉ፤ በዚያው ሳምንት መስመሩን የተመላለሰ ሾፌር ይጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቆይ። ዕቅዱን ግን ዛሬ ማውጣት ይቻላል፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ተዘጋጅቶ የጠበቀ ቤተሰብ ይቀድማል።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው

ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቅቤዋ የምትታወቀውን ሸኖን አልፈው፣ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ብርድ ልብሷ የታወቀው ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ። እዚህ ልጆቹ ሹራብ ይፈልጋሉ። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ይወጣሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ነው። በክረምት ጉሙ ፊት ለፊት ያለውን መኪና ስለሚሸፍን መብራት አብርቶ ቀስ ብሎ መንዳት ግድ ነው። ዋሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአካባቢው ባለው ገደል ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ማየት የተለመደ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም በዱር አይኖርም፤ ይህን ለልጆችዎ ሳይነግሯቸው አይለፉ። ምግብ ግን አይስጧቸው።

ከዋሻው በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ላይ ቆም ብለው የታወቀውን ቆሎዋን ይግዙ። ከዚያ አርማንያን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ይህ ሁሉ 50 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ነው። የልጆቹ ጆሮ ይደፈናል፤ ሹራብ ይወልቃል፤ ገብስና ባቄላ በማሽላና በማንጎ ይተካሉ።

ምክንያቱን ለልጆች ማስረዳት ቀላል ነው። እየወረዱበት ያለው የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። መሬቱ እዚህ ጋ ተሰንጥቆ ወደ ታች ሰምጧል፤ ሥራውንም አልጨረሰም። በ1953 ዓ.ም. ከአጣዬ ወዲያ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በመጽሐፍ «ስምጥ ሸለቆ» የሚለውን ቃል የሸመደደ ተማሪ እዚህ በጆሮውና በቆዳው ይረዳዋል።

የድንጋይ ከተሞቹ

በይፋት በጣም ከሚያስገርሙት ነገሮች ዋነኛው ከአስፋልቱ አይታይም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋትን ሱልጣኔት አቋቁሞ ነበር። ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚመጣው የነጋዴ መንገድ በዚህ ያልፍ ስለነበር ሱልጣኔቱ በንግድ በለጸገ። በ1332 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተደረገው ጦርነትም ከዚህ ንግድ የሚለይ አልነበረም።

ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ፎቬልና ሂርሽ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዚያን ዘመን ሦስት ከተሞች አስተዋውቀዋል፤ አስበሪ፣ መሳልና ኖራ። ያለ ጭቃ የተካቡ የድንጋይ ግድግዳዎች፣ መስጊዶችና የመቃብር ቦታዎች አሉባቸው። ዛሬ የዚህን ቅርስ ትዝታ ከያዙት አንዱ የአርጎባ ሕዝብ ነው፤ ቋንቋው ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ሲሆን በድንጋይ ቤት አሠራሩና በሽመናው ይታወቃል። ወደ ሰሜን ከሚሴ አቅራቢያ በኮረብታ አናት ላይ ያለችው የሾንኬ መንደር የዚህ አሠራር ሕያው ምስክር ናት።

ወደ ፍርስራሾቹ ያለ አካባቢው ሰው መሄድ አይገባም። ከአንድ ቀን በፊት የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ መንገድ የሚያሳይ ሰው ይዘው፣ የመንደሩን ሽማግሌዎች አስፈቅደው ይግቡ። ቦታው የጸሎትና የመቃብር ስፍራ ነውና አለባበስ ይታሰብበት፤ መስጊድ ሲገቡ ጫማ ይውለቅ። ልጆች አንዲት ገል እንኳ ለማስታወሻ እንዳያነሱ አስቀድመው ይንገሯቸው። ቅርሱ አጥርና ዘበኛ የለውም፤ ጠባቂው የጎብኚው ጨዋነትና የነዋሪው ፍቅር ብቻ ነው።

ማሳና ገበያ

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ አገሩን ሳያይ ከሰዎች ሰምቶ ስለ ይፋት ሲጽፍ ሸንኮራ አገዳና ሙዝ ጠቅሷል። ዛሬም የሮቢ ወንዝ ዳር መስኖ ፍራፍሬና ሽንኩርት ያበቅላል። አርሶ አደሩ ማሽላና ጤፍ፣ ከእነሱም ጋር ወደ ውጭ የሚላከውን ማሾ ይዘራል። ማሾ በከተማ ልጅ ዘንድ ብዙም አይታወቅም፤ አንድ ኪሎ ገዝተው ቤት ውስጥ እንደ ምስር ወጥ ይሥሩት፤ የጉዞው ጣዕም ከእርስዎ ጋር ይመለሳል።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን በአጣዬ መንገድ ላይ ያለው የሰንበቴ ገበያ በእሑድ ይደምቃል። ከደጋ የወረደ አማራ፣ የአካባቢው ኦሮሞ፣ አርጎባና ከቆላ ግመል እየነዳ የመጣ አፋር በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ስለነዚህ ሰዎች በዜና የሚሰማው ብዙ ጊዜ ስለ ግጭታቸው ነው። ገበያው ግን ከግጭቱ በፊትም የነበረ ኑሯቸው ነው፤ አንዱ ያለሌላው እህል፣ ጨው ወይም ከብት አያገኝም። ልጆች ይህን በዓይናቸው ቢያዩ ብዙ ወሬ ያቃናላቸዋል። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

የሦስት ቀን ዕቅድ

ዓርብ፦ ማለዳ 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ይነሱ። ምሳ ደብረ ብርሃን፣ እረፍት ጣርማ በርና ደብረ ሲና፣ አዳር ሸዋ ሮቢት። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ከመነሳትዎ በፊት ፍሬን ይታይ።

ቅዳሜ፦ ከፀሐዩ በፊት ከመሪዎ ጋር ወደ ፍርስራሾቹ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሙቀቱ ይበረታልና ጥላ ውስጥ እረፍት። ማምሻውን ማሳና የፍራፍሬ ገበያ።

እሑድ፦ ጠዋት ሰንበቴ፤ ከ5 ሰዓት ሳይዘገዩ መልስ። ጣርማ በርን በብርሃን ማለፍ ያስፈልጋል።

በሐምሌና በነሐሴ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላው ሳይዘንብበት ወንዙን በድንገት ይሞላዋል፤ ከዋናው መንገድ ውጭ ያለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አያቁሙ፤ የሞላ ወንዝም አይሻገሩ። አካባቢው ወባ አለበት፤ አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዙ፤ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ልጅ ቢኖር ሐኪሙን «ቆላ ሄደን ነበር» ይበሉት። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ይያዝ።

ለዚህ ጉዞ የቅንጦት ሆቴል አይጠብቁ። በምትኩ ከብርድ ወደ ሙቀት የሚያወርድ ግማሽ ቀን፣ 700 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ግድግዳና አንድ ደማቅ ገበያ ያገኛሉ። የሚያድር፣ የሚበላና የሚገዛ እንግዳ ደግሞ ብዙ ላየችው ከተማ ከሐዘኔታ የሚበልጥ ድጋፍ ነው። ካርታውን ከልጆችዎ ጋር ዛሬ ዘርግተው ሸዋ ሮቢትን በቀይ እስክሪብቶ ያክብቧት፤ ቀኑን መንገዱ ይነግርዎታል።